ኮንክሪትም ድንጋይም አይፈቀድም፤ ታዲያ ቤታችንን በምን እናድን?

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት መሠረት፣ ስለ ግንባታ ፈቃድና ስለ ጥገና የምትልኩልኝን ጥያቄዎች እመልሳለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ የምኖረው ዊልሚንግተን፣ ኖርዝ ካሮላይና ነው። ሥራዬ ውቅያኖስ ዳር የቆሙ ቤቶችን ምሰሶ መጠገንና ቤቶቹን አንስቶ ወደ ኋላ ማዛወር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዛሬ ሰፊውን ቦታ ለመጀመሪያዋ ጠያቂ ሰጥቻለሁ፤ ጊዜ የላትምና።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ ታላቅ እህቴና ባለቤቷ ተደራጅተን ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ቶፕሴይል ደሴት ላይ ፊቱ ውቅያኖስ የሆነ ቤት ገዝተናል። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በሙቀቱ ወራት እናከራየዋለን፤ ለፋሲካ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። አሁን በብርዱ ወራት የመጣ ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ ወሰደው። ወደ ባሕሩ የምንወርድበት ደረጃ የለም። ከቤቱ ፊት ለፊት ሰው የሚያህል ገደል ተፈጥሯል። ቤቱን የምታጸዳልን ሴት በላከችው ቪዲዮ ላይ የሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የመሬት ውስጥ ጋን፣ ክዳን ለገደሉ በጣም ቀርቦ ይታያል። የእህቴ ባል የኮንክሪት ግንብ እናሠራ ይላል። አንድ ኮንትራክተር ድንጋይ በትራክ አምጥቼ በሁለት ቀን እደፋላችኋለሁ፣ ፈቃዱ በኋላ ይደርሳል ብሎናል። እህቴ ደግሞ ኢንሹራንስ አለን አትጨነቁ ትላለች። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሕጉ ምን ይፈቅድልናል? ከየት እንጀምር?

ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ድንጋዩን አስቁሚ። ይህን እንዳነበብሽ ለኮንትራክተሩ ደውይለት። ፈቃዱ በኋላ ይደርሳል ያላችሁ ሰው ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ የሚያየው ገንዘባችሁን ብቻ ነው። ኖርዝ ካሮላይና በውቅያኖስ ዳርቻዋ ላይ ድንጋይ መከመርን፣ የኮንክሪት ግንብን፣ የብረትና የእንጨት መከላከያ ግድግዳን ከ1985 ጀምሮ በመተዳደሪያ ደንብ ከልክላለች። በ2003 ክልከላው በግዛቷ ምክር ቤት ሕግ ሆኖ ጸደቀ። በ2011 ትንሽ ላላ ያለ ነገር መጣ፤ እሱም በደሴቶች መካከል ባሕሩ ሰብሮ በሚገባባቸው በሮች ጫፍ ላይ ለሚሠሩ ጥቂት የድንጋይ ክንዶች ነው። የግለሰብን ቤት አይመለከትም። ስለዚህ የእህትሽ ባል ያሰበው ግንብም አይሆንም። ድንጋዩ ከተደፋ በኋላ ቅጣት ይከተላል። ከቅጣቱ የሚብሰው ደግሞ፣ ከፍላችሁ ያስደፋችሁትን መልሳችሁ ከፍላችሁ ማስነሳታችሁ ነው።

ሕጉ ጨካኝ ይመስላል፤ አውቃለሁ። ቤትሽ ሲፈርስ ቆመሽ እይ የሚልሽ ይመስላል። እኔ ግን በሙሉ ልቤ የምደግፈው ሕግ ነው። ማዕበል ዘንበል ያለ አሸዋ ላይ ሲመጣ ጉልበቱን እዚያው እየጨረሰ ይወጣል። ግንብ ሲገጥመው ግን ነጥሮ ይመለሳል፤ ሲመለስ ከግንቡ እግር ሥር ያለውን አሸዋ ይዞ ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ ግንቡ አለ፣ ቤቱም አለ፤ ዳርቻው ግን የለም። ግንቡ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ደግሞ ውሃው ዞሮ የጎረቤትን መሬት ይበላል። ያኔ ጎረቤትም ግንብ ካልሠራሁ ይላል፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው።

ዳርቻው የእናንተ ብቻ አለመሆኑንም አስቢ። በኖርዝ ካሮላይና ባሕሩ የሚያርሰው አሸዋ የሕዝብ ነው። በማለዳ ዓሣ የሚያጠምዱት ሽማግሌና ለአንድ ቀን ልጆቻቸውን ጭነው ከፌይትቪል የሚመጡት ቤተሰቦች በዚያ አሸዋ ላይ ከእናንተ እኩል መብት አላቸው።

እሺ፣ ምን ይፈቀዳል? ለአስቸኳይ ጊዜ ቤት ፊት እንዲቀመጥ የተፈቀደው የአሸዋ ከረጢት ነው። አገር ቤት ጎርፍ ሲመጣ የምናውቀውን ጆንያ እንዳታስቢ። ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሰፋ፣ ባዶውን ሲዘረጋ ወርዱ ከ3 እስከ 5 ጫማ፣ ርዝመቱ ከ7 እስከ 15 ጫማ የሆነ ከረጢት ነው። በሰው ጉልበት አይነሳም። ከረጢቱ የብረት ፍሬም ውስጥ አፉን ከፍቶ ይወጠራል፣ ኤክስካቫተር አሸዋውን ይገለብጥበታል፣ ሠራተኛ በእጅ በሚያዝ የስፌት ማሽን አፉን ይዘጋዋል። ስፌቱን ቆመሽ እዪ። ብዙ ጊዜ የሚቀደደው እዚያ ጋ ነው። አንዱ ከረጢት አሸዋውን ሲተፋ ከላዩ ያለው ይሰምጣል፣ ረድፉም ይናዳል። ማዕበሉ ከሌላ ቤት ገንጥሎ የሚያመጣው ምስማር ያለበት ጣውላም ጨርቁን እንደ ቢላዋ ይሰነጥቀዋል። ፀሐዩም ቀስ በቀስ ያሳሳዋል።

መጠኑ ሁሉ በደንቡ ተቆርጦ የተቀመጠ ነው። የረድፉ መሠረት ከ20 ጫማ አይሰፋም፤ ቁመቱ ከ6 ጫማ አይበልጥም። የረድፉ የየብስ በኩል ጠርዝ ከሚጠበቀው ቤት ወደ ባሕሩ ከ20 ጫማ በላይ አይርቅም፤ በግራና በቀኝም ቤቱን ከ20 ጫማ በላይ አልፎ አይሄድም። ከመደበኛው የከፍተኛ ውሃ መስመር ወደ የብስ ባለው በኩል፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀመጣል። ከረጢቱን ለማሰር ምሰሶ መትከል ክልክል ነው። ቀለሙ እንኳ ተወስኗል፤ አሸዋ መሰል መሆን አለበት። ኮንትራክተሩ ትንሽ ከፍ ብናደርገው ማን ያያል ካላችሁ አትስሙት። የፈቃድ ሰዎቹ መጥተው ይለካሉ።

አሁን ወደ እናንተ ቤት። ይህን ፈቃድ የሚያገኝ አደጋው ደጁ የደረሰ ቤት ብቻ ነው። ደጁ ደረሰ የሚባለውም የቤቱ መሠረት ወይም የሴፕቲኩ ሥርዓት ከገደሉ ከ20 ጫማ፣ ማለትም ከ6 ሜትር ገደማ ባነሰ ርቀት ላይ ሲሆን ነው። የሕዝብ መንገድም በዚሁ ይለካል። ርቀቱ ከዚያ ቢበልጥም ዳርቻው ጠፍጣፋ ከሆነ ወይም መሬቱ በፍጥነት እየተበላ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ሊፈቅድ ይችላል። ቪዲዮ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። አንዳችሁ ሂዱና ለኩ። ሜትሩን ከገደሉ አንስታችሁ ለባሕሩ ቅርብ እስከሆነው የቤቱ ምሰሶ ድረስ ዘርጉ። የዴኩን ምሰሶ አትቁጠሩ፤ ዴክ፣ መዋኛ ገንዳ፣ ጋዜቦና ደረጃ በከረጢት አይጠበቁም። ቀጥሎ እስከ ሴፕቲክ ታንኩና ፍሳሹ አሸዋ ውስጥ እስከሚበተንበት መስመር ለኩ። የመስመሩን ቦታ የማታውቁ ከሆነ የካውንቲው ጤና ቢሮ ዘንድ የሴፕቲክ ፈቃዱ ላይ ንድፉን ጠይቁ። በየልኬቱ ፎቶ አንሱ፤ የሜትሩ ቁጥር ይነበብ።

ስትለኩ ጠርዙ ላይ አትቁሙ። ከላይ ሣሩ ደህና መስሎ ቆሞ ከሥሩ ግን ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ሥሮቹ በአየር ላይ እንደ ጭራ ተንጠልጥለው ካየሽ፣ ከላያቸው ያለው መሬት ሊናድ ነው ማለት ነው። ልጆች ከታች እንዳይጫወቱ። ይህን ለሁሉም ተከራይ ጽፋችሁ ስጡ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝን አሁን ልንገርሽ። በደንቡ መሠረት አንድ ቤት በአሸዋ ከረጢት የሚጠበቀው አንዴ ብቻ ነው። ባለቤቱ ቢቀየርም ያው ነው። ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ከረጢት አስቀምጦ ከነበረ ዕድሉ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚወጣው ከተማው አሸዋ አምጥቶ ዳርቻውን የመሙላት ወይም የባሕሩን በር የማዛወር ፕሮጀክት በትክክል እየገፋ ከሆነ ነው፤ ያኔ እንደገና ፈቃድ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ለኮንትራክተር ከመደወላችሁ በፊት በቤቱ አድራሻ ከዚህ በፊት የተሰጠ የከረጢት ፈቃድ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ገደሉ ግርጌ አሸዋ መሰል ጨርቅ ብቅ ብሎ ካያችሁም ፎቶ አንሱት። አሮጌ ከረጢት ተቀብሮ ሊሆን ይችላል።

ፈቃዱ ሲገኝ የሚቆየው እስከ 8 ዓመት ነው። ጊዜው ሲያልቅ፣ ወይም ቤቱ ሲነሳ፣ ወይም አደጋው አልፏል ሲባል፣ በ30 ቀን ውስጥ ባለቤቱ ያስነሳዋል። ነፋስ አሸዋ ከምሮበት፣ ሣር በቅሎበት ሙሉ በሙሉ ከተቀበረ ግን እዚያው እንዲቀር ይፈቀዳል። 8 ዓመት ረጅም ይመስላል። ባሕር ዳር ለሚሠራ ሰው ግን አጭር ነው።

ከየት እንጀምር ብለሻል። የከተማችሁ አስተዳደር ውስጥ የባሕር ዳር ፈቃድ ሹም አለ፤ ከእሱ ጀምሩ። ከረጢቱን የሚፈቅደው የግዛቷ የባሕር ዳር አስተዳደር ክፍል ነው። ይህ ሁሉ የሚመራው በ1974 በወጣው የባሕር ዳር አካባቢ አስተዳደር ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ 20 የባሕር ዳር ካውንቲዎችን ይሸፍናል። የመስክ ባለሙያቸው ቤቱ ድረስ መጥቶ ያያል። ለከረጢት የተዘጋጀ አጠቃላይ ፈቃድ አላቸው፤ ክፍያውን ከእነሱ ጠይቁ። በግራና በቀኝ ያሉ ጎረቤቶች እንዲያውቁ መደረግ አለበት፤ ወይ ይፈርሙላችኋል፣ ወይ በአደራ ደብዳቤ ትልኩላቸዋላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቀን ያባክናል። ጎረቤት እንደ እናንተ ሌላ ግዛት ነዋሪ ነውና ስልኩን ከአሁኑ ፈልጉ። ይልቅ ሁለት ሦስት ቤት ተነጋግራችሁ አንድ ላይ ብታመለክቱ ሥራውም ይረክሳል፣ ረድፉም ጫፉ ላይ አይቆረጥም። ለነገሩ በባዕድ አገር ከጎረቤት ጋር ለመተዋወቅ ከዚህ የበለጠ ምክንያት የለም።

ሌላው የተፈቀደ ነገር ዶዘር ነው። ከዳርቻው ላይ አሸዋ ገፍቶ ገደሉ ሥር መከመር በፈቃድ ይቻላል። ዶዘሩ ግን ከነበረው ወለል ከአንድ ጫማ በላይ ዝቅ ብሎ መቆፈር አይችልም። ያለ ፈቃዳቸው የጎረቤት ወሰን ውስጥም አይገባም። ከሜይ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ የባሕር ኤሊዎች አሸዋው ውስጥ እንቁላል የሚጥሉበትና የሚፈለፍሉበት ጊዜ ነው፤ ያኔ ዶዘር ማስገባት የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ካልፈቀዱ አይታሰብም። እናንተ ብርዱ ሳያልፍ ብትንቀሳቀሱ ይሻላችኋል። እውነቱን ለመናገር የተገፋ አሸዋ ብዙ አይቆይም፤ የሚቀጥለው ማዕበል ይወስደዋል። ጥቂት ሳምንት ግን ይገዛል።

ሴፕቲኩን ዛሬ ነገ አትበሉ። ቤቱ ቢወድቅ ጉዳቱ የእናንተ ነው፤ ታንኩ ቢፈነዳ ግን ፍሳሹ ልጆች የሚዋኙበት ውሃ ውስጥ ይገባል። የመጸዳጃ ውሃ አሸዋ ላይ ሲፈስ አይቻለሁ፤ ሽታው ከሩቅ ይመታል። ታንኩን አስመጥጡ፤ የቤቱን ውሃ ዝጉ፤ ኪራዩን አቁሙ። ከዚያ ለካውንቲው ጤና ቢሮ ደውሉና ታንኩን ወደ መንገዱ በኩል ማዛወር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። መሬቱ ከበቃ ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ታንኩ ሲዛወር ከባሕሩ ጋር ያላችሁ ርቀት በአንድ ጊዜ ይጨምራል።

ወደ ኢንሹራንሱ ልምጣ። እህትሽን አታስቀይሚያት፤ ይህን ክፍል ግን አስነብቢያት። ተራው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የፌዴራሉ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለቤቱ ቢበዛ 250,000፣ ለዕቃው ቢበዛ 100,000 ዶላር ይከፍላል። መሬቱን አይከፍልም። የምትኖሩበት ዋና ቤት ስላልሆነ ደግሞ የሚታሰበው በአዲስ ዋጋ ሳይሆን የእርጅና ቅናሽ ተደርጎ ነው። ቀስ በቀስ የሚበላ መሬት በኢንሹራንሱ ውስጥ የለም። ቤቱ ቆሞ ሳለ፣ ሊወድቅ ነውና ላንሳው ብትሉት አይከፍላችሁም። በማዕበል ሲወድቅ ነው የሚከፍለው። ከ1987 እስከ 1994 ከመውደቁ በፊት ለማፍረስም ሆነ ለማዛወር የሚከፍል አንቀጽ ነበር፤ ተሻረ። እኔ ይህ መሻሩ ትልቅ ጥፋት ነበር እላለሁ። ሰው ቤቱ ባሕር ውስጥ እስኪገባ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ የሚያደርግ አሠራር ነው የቀረው።

ውጤቱን በዚሁ ግዛት ባሕር ዳር ባለችው ሮዳንቴ መንደር አይተነዋል። በሜይ 10 ቀን 2022 ሁለት ቤቶች በአንድ ቀን ባሕር ገቡ። የአንዱ ቪዲዮ ዓለምን ዞረ። ሰው ያላየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ጣውላው፣ ፍራሹ፣ የመስኮት ስባሪውና ምስማሩ ዳርቻውን ተከትሎ ብዙ ማይል ተበተነ። መልቀሙ የባለቤቱ ዕዳ ነው። በ2023 የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት እዚያው ሮዳንቴ ሁለት ቤቶችን ከ700,000 ዶላር በላይ ከፍሎ ገዝቶ፣ ሳይወድቁ አፈረሳቸው። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ግን ሁለት ቤት ነው። በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ደግሞ በክስተን በተባለችው የዚሁ ግዛት የባሕር ዳር መንደር አምስት ቤቶች በአንድ ቀን ወደቁ። እህትሽ ኢንሹራንስ አለን ስትል ይህን ማሰብ አለባት። ቼኩ የሚመጣው ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ከረጢቱን ቤቱን ለማንሳት ጊዜ መግዣ አድርጉት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ከረጢቱ በተቀመጠ ማግሥት ቤት የሚያዛውር ድርጅት ጠርታችሁ ዋጋ አስወጡ። ቤታችሁ በምሰሶ ላይ የቆመ ከሆነ ሥራው ከምታስቢው ይቀላል። ከወለሉ ሥር ረጃጅም የብረት ተሸካሚዎች ይገባሉ፣ ጃኮች እኩል ያነሱታል፣ ምሰሶው ይቆረጣል፣ ቤቱ በጎማ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሳህን ከቁም ሳጥን ሳይወጣ የተዛወረ ቤት አውቃለሁ። በራሳችሁ ገንዘብ የምታዛውሩት ከሆነ ደንቡ ይረዳችኋል። አዲስ ቤት ከባሕሩ እንዲርቅ የተወሰነውን ርቀት ሙሉ በሙሉ ባታሟሉም፣ ቦታው በፈቀደው መጠን ወደ ኋላ እስከገፋችሁት ድረስ ይፈቀዳል፤ ሴፕቲኩም ከቤቱ ይልቅ ለባሕሩ መቅረብ የለበትም።

ይህን ዕድል አሁን መጠቀም ያለባችሁ ለዚህ ነው፦ ቤቱ ተጎድቶ የጥገናው ወጪ ከገበያ ዋጋው ከግማሽ ካለፈ፣ እንደ አዲስ ቤት ነው የሚቆጠረው። አዲስ ቤት ደግሞ ከመጀመሪያው የተፈጥሮ ዕፅዋት መስመር መራቅ አለበት። ለትንሽ ቤት ርቀቱ የአካባቢው የዓመት መበላት መጠን በ30 ተባዝቶ ይሰላል፤ ቢያንስ 60 ጫማ ነው። 5,000 ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ ለሆነ ግን ማባዣው ከፍ ይላል። ባሕሩ ያን ያህል ከገባ መሬታችሁ ላይ ይህ ርቀት አይገኝም። መሬቱ በስማችሁ ይኖራል፤ ቤት ግን አይሠራበትም።

ማዛወር ሽንፈት የሚመስለው ሰው አለ። በዚህ ግዛት ትልቁ ምስክር የኬፕ ሃተራስ መብራት ማማ ነው። በ1870 ሲሠራ ከባሕሩ 1,500 ጫማ ይርቅ ነበር። ባሕሩ እየበላ መጣ። ወደ ባሕሩ የገባ ክንድ ተሞከረ፣ አሸዋ ተሞላ፣ ከረጢት ተደረደረ። በመጨረሻ በ1999 ወደ 4,800 ቶን የሚመዝነውን ማማ ሳይፈርስ አንስተው 2,900 ጫማ ወደ ኋላ ወሰዱት። ዛሬም ቆሟል። ያኔም እንደ እህትሽ ባል ግንብ እንሥራለት ያሉ ብዙ ነበሩ።

ወደ ኋላ የሚገፋበት መሬት ከሌላችሁ ነገሩ ይከብዳል። ደሴቲቱ ላይ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ረድፍ ላይ ባዶ መሬት ፈልጉ። ያም ካልሆነ ቤቱን ራሳችሁ በሥርዓት ማፍረስ፣ ባሕር ውስጥ ገብቶ ከመልቀም ይቀላል። ሦስታችሁ ቁጭ ብላችሁ ይህን አሁን ተነጋገሩበት። በብድር የተገዛ ከሆነ ባንኩንም ጥሩት። ገንዘባችሁን አውቃለሁ፤ በስንት ትርፍ ሰዓትና በስንት ዕቁብ እንደተጠራቀመ ይገባኛል። ለዚህ ነው በድንጋይ እንዲያልቅ የማልፈልገው። የልኬቱን ፎቶ ላኪልኝና የትኛው ምሰሶ እንደሚቀድም እነግርሻለሁ።

ጥያቄ

ጓደኛዬ ቶፕሴይል ደሴት ላይ ባለው ቤቱ ጓሮ የእንጨት መከላከያ ግድግዳ አለው፤ በፈቃድ ነው የሠራሁት ይላል። እርስዎ ክልክል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ማን ነው ልክ?

ከራሌይ

መልስ

ሁለታችንም ልክ ነን፣ ወንድሜ። የጓደኛህ ጓሮ ውቅያኖሱን ሳይሆን በደሴቲቱና በየብሱ መካከል ያለውን የተረጋጋ ውሃ የሚያይ መሆን አለበት። እዚያ ማዕበሉ ትንሽ ስለሆነ ደንቡም ሌላ ነው፤ ግድግዳም የድንጋይ ክምርም በፈቃድ ይሠራል። እኔ ግን እዚያም ቢሆን ከግድግዳ ይልቅ ሣሩን እመርጣለሁ። ከፊቱ ዝቅ ያለ የድንጋይ መስመር ተደርጎ ረግረጋማው ሣር እንዲያድግ ሲደረግ ዓሣና ሸርጣን ይራባበታል፣ መሬቱንም ይይዘዋል። ግድግዳው ግን ከጀርባው ውሃ እየጠጣ አንድ ቀን ወደ ፊት ይዘነበላል።

ጥያቄ

ጋሼ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ባሕር ዳር ቤት ልገዛ ነው። ሻጩ ከማዕበል በኋላ የተሠራ የብረት ግድግዳ አለው። እዚህስ ይፈቀዳል?

ከጃክሰንቪል

መልስ

ፍሎሪዳ ከእኛ ትለያለች። እዚያ ለአደጋ የተጋለጠ ቤትን በጠንካራ ግድግዳ መጠበቅ በሕጉ መንገድ አለው፤ አስቸኳይ ከሆነም አስቀድሞ ተሠርቶ ፈቃዱ በኋላ የሚጠየቅበት አሠራር አለ። ኖቬምበር 2022 ላይ ሃሪኬን ኒኮል ቮሉሺያ ካውንቲን ሲመታ፣ ዊልበር ባይ ዘ ሲ ላይ ቤቶች ወደ ባሕሩ ሲወርዱ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ በኋላ በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው ግድግዳ ሠርቷል።

አንቺን የሚመለከተው ነጥብ ይህ ነው። በአስቸኳይ የተሠራ ጠንካራ ግድግዳ ጊዜያዊ ነው። በ60 ቀን ውስጥ የቋሚ ፈቃድ ማመልከቻ ካልገባለት ባለቤቱ የማስነሳት ግዴታ አለበት። ቤቱን ከገዛሽ ግድግዳውም ራስ ምታቱም ወደ አንቺ ይዞራል። ስለዚህ ሻጩን የቋሚ ፈቃዱን ቁጥርና መሐንዲሱ የፈረመበትን ንድፍ ጠይቂው። ቁጥሩን ይዘሽ የፍሎሪዳ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ውስጥ ራስሽ አረጋግጪ። ጫፉ ጋ ሄደሽ የጎረቤቱ መሬት ተበልቶ እንደሆነም እዪ፤ ከተበላ ነገ የሚከስሽ እሱ ነው። ወረቀቱ እጅሽ ሳይገባ ቀብድ አትክፈይ።